ክፍያው ከባሕር ማዶ፣ ግብሩ ከጅማ

በቦሳ አዲስ ኪራይ ቤት ተቀምጠው ለውጭ ድርጅት የሚሠሩ ወጣቶች ገንዘባቸው የሚገባው በሌላ አገር ባንክ ነው። ግብር አለባቸው? ለማን? በየትኛው በር?

ጅማ ውስጥ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ሲሆን ካሊፎርኒያ ውስጥ ገና ቢሮ ይከፈታል። በቦሳ አዲስ ቀበሌ ያን ጊዜ ሰው ከሥራው እየገባ ነው። ባጃጆች ጭቃውን እየከፈሉ ያልፋሉ፣ በየቤቱ ቡና ይቆላል፣ ክረምት ከሆነ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሰው ከሰው እንዳይደማመጥ ያደርጋል። ከአከራዮቹ ቤት ጀርባ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙም ያልቆየ ወጣት ላፕቶፑን ይከፍታል። ጎኑ ላይ ሁለት ሲም ካርድ አለ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ሲደክም የሳፋሪኮም ይገባል። መብራት ቢጠፋ ባትሪው እስኪያልቅ ይሠራል፤ ካለቀም ጄኔሬተር ወዳለበት ካፌ ይሮጣል።

የሚሠራው ለአንድ አሜሪካዊ ድርጅት ነው፤ ድረ ገጽ ይጠግናል። የቤተሰቡ ጎረቤቶች «ኮምፒውተር ላይ ነው የሚውለው» ከማለት አልፈው ምን እንደሚሠራ አያውቁም። ወር ሲያልቅ ኢንቮይስ ይልካል። ገንዘቡ ግን ጅማ አይመጣም። በኦንላይን ከፋይ ድርጅት በኩል በስሙ ወደተከፈተ የውጭ ባንክ ቁጥር ይገባል፤ አለበለዚያም ሜሪላንድ ባለ የአክስት ልጅ አካውንት ይቀመጣል። ከዚያ በሐዋላም በዘመድም እየተቆራረጠ ብር ሆኖ ይደርሰዋል።

እንዲህ የሚኖር ወጣት በቦሳ አዲስ፣ በቦሳ ቂቶ፣ በሒርማታ፣ ከከተማ ወጣ ብሎም በአጋሮና በሊሙ አይታጣም። በ2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ብዙዎችን ወደዚህ ሥራ እየሳበ ነው። ግብርን በተመለከተ ብትጠይቋቸው የምታገኙት መልስ ግን የተለያየ ነው። አንዱ «ገንዘቡ አገር ውስጥ ስላልገባ አይመለከተኝም» ይላል። ሌላው «ድርጅቱ እዚያው ቆርጦ ከፍሎልኛል» ብሎ ያምናል። ሦስተኛው ግብር እንዳለበት ይጠረጥራል፣ ግን የት ሄዶ ምን ብሎ እንደሚናገር አያውቅም። የመጀመሪያው ተሳስቷል። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ተሳስቷል። ይህ ጽሑፍ በተለይ ለሦስተኛው ነው።

ሕጉ ሰውየውን ይከተላል

የመጀመሪያው ጥያቄ ገንዘቡ የት ገባ የሚለው ይመስላል። ለገቢ ግብር ግን ቀድሞ የሚጠየቀው ሰውየው የት ይኖራል የሚለው ነው። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በዓለም ላይ ከየትም ከሚያገኘው ገቢ ግብር እንዲከፍል ይደነግጋል። ነዋሪ የሚባለው ቋሚ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ሰው ነው። እንዲሁም በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ይሁን በተቆራረጠ ጊዜ ከ183 ቀን በላይ አገር ውስጥ የቆየ ሰው ነዋሪ ይባላል። የቦሳ አዲሱ ወጣት በሁለቱም መለኪያ ነዋሪ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ከአሜሪካና ከኤርትራ የሰማውን ያቀላቅላል። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢኖር ግብር አስታውቅ ትለዋለች፤ ኤርትራም ውጭ ካሉ ዜጎቿ 2 ከመቶ ትሰበስባለች። ኢትዮጵያ እንዲህ አታደርግም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እዚያ ከሚያገኘው ደመወዝ ለኢትዮጵያ የገቢ ግብር አይከፍልም። በአንጻሩ የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ይዞ ጅማ ተመልሶ የሚኖር ሰው ሁለቱም አገሮች ይጠይቁታል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይህ ጽሑፍ ብቻ አይበቃም፣ የሁለቱን አገር ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ለቀረነው ነገሩ ግልጽ ነው። ገንዘቡ ኒውዮርክ ባንክ ውስጥ ለዓመት ቢተኛ፣ ብር ሆኖ ጅማ ባይደርስም፣ ገቢው የተገኘ ገቢ ነው።

«ገንዘቡ ኒውዮርክ ባንክ ውስጥ ለዓመት ቢተኛ እንኳ ገቢው የተገኘ ገቢ ነው።»

ተቀጣሪ ወይስ ነጋዴ?

ገቢው በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚታይ ማወቅ ቀጣዩ ነገር ነው። ሠንጠረዥ «ሀ» የመቀጠር ገቢ ነው፤ መምህሩና ነርሷ ደመወዛቸው ሳይደርሳቸው የሚቆረጥባቸው። ሠንጠረዥ «ሐ» የንግድ ሥራ ገቢ ነው። አዋጁ «ንግድ» ሲል ሱቅና መጋዘንን ብቻ አላሰበም፤ ለትርፍ የሚሠራ የሙያ ሥራንም ያካትታል፣ በቋሚነትም ይሁን ለአጭር ጊዜ።

ሕጉ ሁለቱን የሚለየው በቁጥጥር ነው። ተቀጣሪ በሌላ ሰው መመሪያና ቁጥጥር ሥር አገልግሎት የሚሰጥ ነው፤ በራሱ የሚሠራ ተቋራጭ ተቀጣሪ አይባልም። እንደ አፕወርክና ፋይቨር ባሉ የኦንላይን ሥራ ገበያዎች ከዚህም ከዚያም ሥራ እየተቀበለ፣ በራሱ ሰዓትና በራሱ ዕቃ ሠርቶ የሚያስረክብ ወጣት፣ ማለትም ፍሪላንሰር፣ የሠንጠረዥ «ሐ» ሰው ነው። ለአንድ የበርሊን ድርጅት ብቻ የሚሠራ፣ ሰዓቱ የሚቆጠርበት፣ ፈቃድ ጠይቆ የሚወጣ፣ አለቃ ያለው ሰው ግን ውሉ ላይ «ተቋራጭ» ተብሎ ቢጻፍም ነገሩ መቀጠር ይመስላል። ይህን ልዩነት ውሉን እያዩ መወሰን ያስፈልጋል፤ በከተማው ያሉ የሒሳብ ባለሙያዎችም በቀላሉ አይስማሙበትም።

ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ጅማ ያለ መምህር ግብሩን የሚከፍልለት አሠሪው ነው፤ ራሱ ቢሮ ሄዶ አያውቅም። የበርሊኑ ድርጅት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሮም ቲን ቁጥርም የለውም፣ ቀንሶ ሊያስገባ አይችልም። ስለዚህ ግዴታው ወደ ሠራተኛው ይዞራል፤ ማስታወቅም መክፈልም የእሱ ይሆናል። ከወላጆቹ አንዳቸውም ያላደረጉትን ነገር ያለ አስተማሪ እንዲያደርግ ይጠበቅበታል።

«እዚያው ቆርጠውልኛል» የሚለውም መልስ የሚያስፈልገው ነው። አፕወርክ ወይም ፋይቨር ከክፍያው ላይ የሚያነሡት የአገልግሎት ዋጋቸውን ነው፤ ፋይቨር ከመቶ 20 ይወስዳል። ይህ ግብር አይደለም። አሜሪካዊ ደንበኞች የሚያስሞሉት ደብልዩ-ኤይት ቤን የተባለ ቅጽ ደግሞ ሰውየው አሜሪካዊ አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ነው። ሥራው ከአሜሪካ ውጭ ስለተሠራ የአሜሪካ መንግሥት በአብዛኛው ምንም አይቆርጥበትም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያ ገቢ የትም አገር ግብር አልተከፈለበትም።

ለየት የሚለው እንደ ዩቲዩብ ያለው ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ዩቲዩብ ከአሜሪካ ተመልካች በሚገኝ ገቢ ላይ ለአሜሪካ መንግሥት ግብር ይቀንሳል። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይ፣ ከጣልያን፣ ከሕንድና ከቻይና ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ሲኖራት ከአሜሪካ ጋር ስለሌላት ቅነሳው እስከ 30 ከመቶ ይደርሳል። እንዲህ ላለው ሰው አዋጅ 979 መፍትሔ አለው፤ ውጭ የተከፈለው ግብር በዚያው ገቢ ላይ እዚህ ሊከፈል ከሚገባው ሳይበልጥ ይቀናነሳል። ለዚያ ግን የከፈለበትን ማስረጃ በእጁ መያዝ አለበት።

ብሩ ሲወርድ እርከኑ ባለበት

አሁን ስለ መጠኑ። ብዙ ቁጥር አልደረድርም፤ አንዱን ግን ማለፍ አይገባም።

አዋጁ በ2008 ዓ.ም. ሲወጣ ከፍተኛው የ35 ከመቶ መጣኔ የሚጀምረው በወር ከ10,900 ብር በላይ ባለው ገቢ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ከፍተኛው እርከን ወደ 500 ዶላር አካባቢ ነበር የሚጀምረው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ብሩ በአንድ ዶላር 57 ገደማ ከነበረበት ተንከባሎ ወረደ፤ በ2018 መጀመሪያ ከ140 አልፏል። ሐምሌ 10 ቀን 2017 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን ሲያሻሽል ከግብር ነጻ የሚሆነውን ወደ 2,000 ብር፣ የ35 ከመቶውን መነሻ ደግሞ ወደ 14,000 ብር ከፍ አደረገው።

14,000 ብር በ2018 መጀመሪያው ምንዛሪ 100 ዶላር ገደማ ነው።

ይህ የፍሪላንሰሩን ብቻ ሳይሆን የሠራተኛውን ሁሉ ጉዳይ የሚነካ ነው። በዶላር የሚከፈለው ወጣት ላይ ግን ጎልቶ ይታያል፤ ለውጭ ደንበኛ ተራ የሆነ የወር ክፍያ ሲያገኝ ግብሩ ላይ ከሀብታሞቹ ጋር ይሰለፋል። የንግድ ግብር ከፋይን ወደ ደረጃ «ሀ» የሚያስገባው ዓመታዊ ሽያጭም እንደዚሁ ነው። ከ1 ሚሊዮን ወደ 2 ሚሊዮን ብር አድጓል፤ በዶላር ሲታሰብ ግን ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት 17,500 ገደማ የነበረው በ2018 መጀመሪያ ወደ 14,300 ወርዷል። ማለትም ገቢው በዶላር ምንም ሳይጨምር ምንዛሪው ብቻ አንድን ሰው ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ወደሚያዝበት ደረጃ ሊገፋው ይችላል።

«ለውጭ ደንበኛ ተራ የሆነ ክፍያ ጅማ ሲደርስ ከፍተኛው የግብር እርከን ላይ ያርፋል።»

የእኔ እምነት ይህ መስተካከል እንዳለበት ነው። ሆኖም ሕጉ ከባድ ነው ማለትና ሕጉ አይመለከተኝም ማለት የተለያዩ ናቸው። እንዲያውም ከባድነቱ እንዲታይ የሚያደርጉት አስታውቀው የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው፤ ያልተመዘገበ ሰው ምክር ቤት ፊት አቤት ሊል አይችልም።

ሁለት ሕግ፣ አንድ ፍርሃት

ታዲያ ለምን አያስታውቁም? ስግብግብነት ነው የሚለው መልስ ቀላል ነው፤ ግን ትክክል አይመስለኝም። አብዛኞቹን የሚያስፈራቸው ከግብሩ ይልቅ ዶላሩ ነው።

የኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ሕግ ለረጅም ዘመን ጥብቅ ሆኖ ቆይቷል። ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ ባንክ ሒሳብ ለመያዝ የብሔራዊ ባንክን ፈቃድ ሲጠየቅ ኖሯል። ወጣቱ ገቢዎች ቢሮ ሄዶ «በውጭ ባንክ ይህን ያህል ዶላር ገብቶልኛል» ብሎ ከፈረመ በራሱ ላይ የመሰከረ ይመስለዋል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝምታውም ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ከግብሩ በላይ ቅጣትና ወለድ የሚያስፈራው ነገር ይሆናል።

ሁለቱ ሕጎች ግን የተለያዩ ናቸው። የግብር ሕጉ የሚጠይቀው ገቢ አገኘህ ወይ የሚለውን ነው። የምንዛሪ ሕጉ የሚጠይቀው ዶላሩን የት አስቀመጥከው የሚለውን ነው። አንዱን መፈጸም ሌላውን አይሰርዝም፤ አንዱን መጣስም ከሌላው ነጻ አያወጣም። ደግሞም የምንዛሪው በር ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰፍቷል። በዚያ ዓመት በወጣው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት ከውጭ ገንዘብ የሚተላለፍላቸው ወይም ደመወዛቸው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነዋሪዎች እዚሁ አገር ባለ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት ይችላሉ። በሕጋዊው ባንክና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነትም ጠቧል። ከዚያ በፊት በባንክ ማምጣት ማለት የልፋትን ግማሽ መተው ነበር፤ ብዙዎችን ወደ ሐዋላ የነዳቸውም እሱ ነው። ያ ምክንያት ዛሬ ከቀድሞው እጅግ ተዳክሟል።

የባንክ ሠራተኞች የሚሉት ሌላ ነገር አለ። መመሪያው አዲስ አበባ ባለው ዋና መሥሪያ ቤት ይታወቃል፤ ቅርንጫፍ ላይ ግን ገንዘቡ የምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ኦንላይን ሠርቼ» የሚለውን መልስ በየትኛው ሣጥን እንደሚጽፉት ግራ የሚገባቸው አሉ። የቡና ሽያጭ፣ የዘመድ ዕርዳታ፣ የድርጅት ዕርዳታ ሣጥን አለው። የወጣቱ ላብ ግን ስም አላገኘም።

የአክስት ልጅ አካውንት

በጅማም ሆነ በሌላ ከተማ በጣም የተለመደው መንገድ ዘመድ ነው። አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ አካውንቱን ያውሳል፤ ክፍያው በእሱ ስም ይገባል። መነሻው ደግነት ነው፤ ሌላ መንገድ ስላልነበረም ነው። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ገንዘብ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አላገለገለም።

ግን ይህ መንገድ ሁለቱንም ይጎዳል። ክፍያው በአሜሪካዊው ዘመድ ስምና የግብር ቁጥር ከተፈጸመ ከፋዩ ድርጅት ገቢውን በእሱ ስም ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ ያሳውቃል። ያላገኘውን ገቢ እንዳገኘ ይቆጠርበታል፤ ግብሩን ይጠየቃል፤ አለመሆኑን ለማስረዳት ወረቀት ፍለጋ ይገባል። ጅማ ያለው ደግሞ ሠራሁ የሚልበት አንድም ሰነድ በስሙ የለውም። ቢጣሉ፣ ዘመዱ ቢሞት ወይም ቢፋታ፣ ያ ገንዘብ የማን እንደነበር የሚመሰክር የለም።

ገንዘቡ በሐዋላ ሲደርስ ደግሞ ከማይታወቁ ሰዎች አካውንት የተላከ ብር ሆኖ ስቴትመንቱ ላይ ይሰፍራል። ግብር ሰብሳቢ ቢያየው ያልተመዘገበ ንግድ ይመስለዋል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ምንጩ ያልታወቀ ንብረት የያዘ ሰው ምንጩን እንዲያስረዳ ይጠይቃል። በዚህ መንገድ ዓመታት ቆጥቦ ቤት የሠራ ታታሪ ወጣት ከሌባ ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ ይችላል። ያስቆጨኛል፤ ምክንያቱም ሠርቶ ያገኘውን የሚያሳይ ወረቀት ነው ያጣው እንጂ ሥራውን አይደለም።

ግብሩ የማን ነው?

ብዙ ወጣቶች ሲሰሙት የሚገርማቸው ነገር ይህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በግለሰብ ነጋዴ ላይ የሚጣል የትርፍ ግብር የክልል ነው። ክልሎችም ከፌዴራሉ ጋር የተቀራረበ የራሳቸውን የገቢ ግብር ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ክፍያው ከሳን ፍራንሲስኮ ቢመጣም በግሉ የሚሠራው የቦሳ አዲስ ፍሪላንሰር የሚመዘገበው አዲስ አበባ አይደለም፤ በኦሮሚያ ገቢዎች ሥር ባለው የጅማ ከተማ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ገንዘቡም የሚሄደው ለክልሉና ለከተማው ነው፤ ባጃጁ ለሚዋልልበት ጭቃ መንገድ፣ አዌቱ ወንዝን ለሚያስጨንቀው የቆሻሻ ፍሳሽ፣ ለቀበሌው ጤና ጣቢያ።

ጅማ ደግሞ የሩቅ አገር ገንዘብ አዲስ አይሆንባትም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሒርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው ነጋዴ የሚጎርፍበት ነበር። ሰዉ ይገበያይ የነበረው ኦስትሪያ ውስጥ በተመታ፣ የንግሥቲቱ የማሪያ ቴሬዛ መልክ ባለበት ጠገራ ብር ነው፤ ያ ብር ከሞተች በኋላም ሁልጊዜ 1780 የሚለውን የፈረንጆች ዓመት እንደያዘ ነበር የሚመታው። የገንዘቡ ባዕድነት ግን ከቀረጥ አላዳነውም። በመንግሥቱ ዳርቻ ኬላዎች ነበሩ፣ ገበያውን የሚቆጣጠር ነጋድራስ ነበር። አባ ጅፋርም ለምኒልክ በየዓመቱ እየገበሩ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። ግብር በዚያ ዘመን ለጅማ ራሷን የመጠበቂያ ዋጋ ነበር።

ቡና መንገድ አለው

ከሊሙ ኮሳ፣ ከጎማ፣ ከማና ወይም ከጌራ ወደ ጅማ የሚመጣ ቡና ዶላር እስኪሆን የሚያልፍበትን መንገድ የከተማው ቡና አቅራቢ በቃሉ ያውቀዋል። ቡናው ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ላኪው ከውጭ ገዢው ጋር ውል ያስመዘግባል፣ ባንኩ የወጪ ንግድ ፈቃድ ይሰጣል፣ ዶላሩ በዚያው ባንክ ይገባል። የላኪው የዶላር ድርሻ በመመሪያ የታወቀ ነው፤ በ2016ቱ ማሻሻያ ከ40 ወደ 50 ከመቶ ከፍ ብሏል። ግብሩም የሚታሰበው በዚህ ሰነድ ላይ ነው። መንገዱ ይንዛዛል፤ ላኪዎችም ያማርራሉ። ግን መንገድ ነው፤ መነሻና መድረሻው ይታወቃል።

ፍሪላንሰሩም ወደ ውጭ ላኪ ነው። ጆንያ የለውም፣ መኪና አያስጭንም፣ ጅቡቲ አይደርስም። የሚልከው የድካሙን ውጤት ነው፤ ለአገር የሚያስገኘውም ያንኑ ዶላር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 እንኳ ወደ ውጭ የሚሸጥ አገልግሎትን በዜሮ መጣኔ ያስተናግዳል፤ ማለትም ሕጉ አገልግሎትም እንደ ቡና እንደሚላክ ያውቃል። ቢሮው ግን ገና አላወቀውም።

«ሕጉ አገልግሎትም እንደ ቡና እንደሚላክ ያውቃል። ቢሮው ግን ገና አላወቀውም።»

ሌሎች አገሮች እየሞከሩ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በፈረንጆቹ 2023 የፋይናንስ ሕጓ በኦንላይን ይዘት የሚገኝ ገቢ ላይ ነዋሪዎቿ 5 ከመቶ እንዲቀነስባቸው አድርጋለች፤ በረቂቁ 15 ከመቶ ነበር፣ ወጣቶቹ ተሟግተው አስቀነሱት። ሕንድ ለባለሙያዎች ሌላ ዘዴ አላት፤ ገቢው ከተወሰነ መጠን የማይበልጥ ባለሙያ ከጠቅላላ ገቢው ግማሹን እንደ ትርፍ ቆጥሮ ማስታወቅ ይችላል፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ ማቅረብ አይጠበቅበትም። እዚህም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ አጭር መንገድ ነው።

በመስኮቱ ፊት

የገቢዎች ቢሮ ሲባል የብዙ ቤተሰብ ትዝታ ጥሩ አይደለም። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲነገር በኦሮሚያ በርካታ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው ነበር፤ ሰው ያላገኘው ገቢ ተገምቶበት ሲያለቅስ ያየ ልጅ ዛሬ ፍሪላንሰር ሆኗል። አባቱ ቁርጥ ግብር ሲከፍል ያደገ ልጅ ግብር ማለት ከገማች ጋር መከራከር ይመስለዋል። ስለዚህ ወደ ቢሮው ሂድ ሲባል የሚመልሰው «ሄጄ ራሴን ላስገምት?» ነው። ይህን ፍርሃት ማናናቅ አይገባም።

ልምድ ያላቸው የሒሳብ ባለሙያዎች የሚመልሱት ደግሞ ይህን ነው። የሚገመተው መዝገብ የሌለው ነው። ፍሪላንሰር ከባለ ሱቅ የሚሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ገቢው በሙሉ በጽሑፍ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ክፍያ ቀን፣ መጠንና ላኪ አለው። ገማች የሚገባበት ክፍተት የለም፤ እሱ ራሱ ሰነዱን ካልጣለው በስተቀር።

ሌላው መሰናክል ንግድ ፈቃድ ነው። ፈቃድ ለማውጣት አድራሻ ይጠየቃል፤ አድራሻ ለማሳየት የኪራይ ውል ያስፈልጋል፤ የቦሳ አዲሱ አከራይ ደግሞ ውል መፈረም አይወድም፣ የራሱ የኪራይ ግብር ይመጣበታልና። እንዲህ ሆኖ አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ከግብር ይሸሻል። አንዱ ግን መክፈል ይፈልግ ነበር። መኝታ ክፍሉ ውስጥ በላፕቶፕ ለሚሠራ ሰው የሱቅ አድራሻ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ይህን ለማስቀረት አዲስ አዋጅ እንኳ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

እስከዚያው በእጅ ያለው

መንገዱ እስኪጠረግ ድረስ ወጣቱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። የግለሰብ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ የፈረንጆቹን ጥር የሚቆጥረው ደንበኛ አያምታታው። ገቢው በዶላር ቢሆንም ለግብር የሚታሰበው በብር ነው፤ ገቢው በተገኘበት ቀን በነበረው የብሔራዊ ባንክ ምንዛሪ። ስለዚህ ክፍያ በገባ ቁጥር የዕለቱን ምንዛሪ አጠገቡ መጻፍ ይጠቅማል፤ ከዓመት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል። ዓመቱን ሙሉ የገባውን ዶላር ሁሉ በመጨረሻው ቀን ምንዛሪ ማስላት ደግሞ ያላገኘውን ትርፍ ያሳይበታል።

የሚታወቀው ጠቅላላ ክፍያው ነው፤ ከፋይቨር ወይም ከአፕወርክ ቅነሳ በፊት ያለው። ቅነሳው ወጪ ነው፤ ሰነዱ ከድርጅቱ ድረ ገጽ ይወርዳል። መዝገብ ይዞ ለሚከፍል ሰው ኢንተርኔቱ፣ ላፕቶፑ በእርጅና ቅናሽ፣ ለሥራው የገዛው ሶፍትዌር ሁሉ ወጪ ነው። ግን በሕጋዊ ደረሰኝ። ጄኔሬተር ባለው ካፌ ለሰዓታት ተቀምጦ የተከፈለ ገንዘብ ደረሰኝ ከሌለው ለግብር ሰብሳቢው አልተከፈለም። በቴሌብር የተከፈለ የዳታ ክፍያ ግን ዱካ አለው። ከደንበኛ ጋር የተደረገ ውል፣ ኢንቮይሱ፣ የውጭ ባንኩ ስቴትመንት፣ ወደ ብር ሲቀየር የተሰጠው የባንክ ወረቀት፤ እነዚህ አንድ ላይ ሲቀመጡ ገንዘቡ ከሥራው ተነሥቶ ጅማ እስኪደርስ ያለውን ታሪክ ያለ ተናጋሪ ይናገራሉ።

ቀድሞ ያልተከፈለ ዓመት ያለበት ሰውም አለ። እሱ ከሁሉ አስቀድሞ ባለሙያ ያማክር፤ ከዚያ ሳይጠየቅ በራሱ ፈቃድ ቀርቦ ያስታውቅ። ቅጣቱና ወለዱ ከጊዜው ጋር ስለሚጨምር መዘግየቱ የሚጠቅመው አንዳችም ነገር የለም።

ደረጃ «ሀ» የሆነ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሒሳቡን የሚያስታውቅበት ጊዜ ጥቅምት 30 ያበቃል። የዚያ ሳምንት የጅማ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሰልፍ ረጅም ነው፤ ቡና አቅራቢው፣ ሆቴል ባለቤቱ፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ማኅደሩን ታቅፎ ይቆማል። ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ቢኖር የመስኮቱ ሠራተኛ «የሥራህ ዓይነት?» ብሎ ሲጠይቀው ከመዝገቡ ላይ የሚያመለክትለት አንድ መስመር ያስፈልገዋል፤ ለውጭ ደንበኛ በግል የሚሰጥ አገልግሎት የሚል፣ የሱቅ ኪራይ ውል የማይጠይቅ፣ በባንክ ስቴትመንት ብቻ የሚስተናገድ። ያን መስመር መጻፍ የክልሉ ገቢዎች ቢሮ ሥራ ነው፤ ለቅርንጫፎች በግልጽ ማስታወቅ ደግሞ የብሔራዊ ባንክና የባንኮቹ። እስኪጻፍ ድረስ ወጣቱ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ ስሙንና ሥራውን እንዳለው ያስመዝግብ።